ቁንጭር ሕክምና አለው፤ ሳይቃጠል በቅጠል

(የማኅበራችን የጤና ኮሚቴ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ያቀረበው ንግግር)



በየወሩ ስንገናኝ ስለ ቁጠባው፣ ስለ ብድሩ፣ ስለ ዶሮውና ስለ ጓሮ አትክልቱ እንነጋገራለን። ዛሬ ጉባኤው ለጤና ኮሚቴያችን ጊዜ ሰጥቶ ስለ ቁንጭር እንድንናገር አዞናል። ጥያቄው የመጣው ከእናንተው ነው። ቡና ላይ ስንቀመጥ «መርፌው ስንት ቀን ነው?»፣ «እርጉዝ ብትሆንስ?»፣ «ዝም ብንለው አይድንም ወይ?» እያላችሁ ስትጠይቁን ቆይታችኋል። ጥያቄዎቻችሁን ሰብስበን፣ ከጤና ባለሙያዎች ጋር ቁጭ ብለን የተማርነውን ዛሬ እናካፍላችኋለን።

ከሁሉ አስቀድመን የምንለው ይህን ነው፦ ቁንጭር በጊዜ ሲታይ ሕክምናው ቀላል ነው፤ ሲዘገይ ከባድ ይሆናል። ቀላሉ ሕክምና ተመላልሰው የሚጨርሱት ሲሆን ከባዱ ደግሞ አንድ ወር ሙሉ ከቤት ያርቃል። አንድ ወር ቤቷን ጥላ የምትሄድ እናት ደግሞ በመካከላችን ስንት እንዳለች እናውቃለን። ስለዚህ ስለ መድኃኒቱ ስንነጋገር ስለ ቤታችንም መነጋገራችን አይቀርም።

ቁንጭር ከየት ይመጣል?

እኛ ቁንጭር የምንለውን የትግራይ ወገኖቻችን ጊዝዋ ይሉታል። የሕክምና ስሙ የቆዳ ሌሽማኒያሲስ ነው። የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ሲሆን በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ዝርያ በአገራችን ስም ሌሽማኒያ ኤቲዮፒካ ተብሏል። በብዛት የሚታየው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,400 እስከ 2,700 ሜትር ባለው ከፍታ፣ ገደልና ዋሻ በሚበዛበት አገር ነው። ገደሉ የሽኮኮ ቤት ነው፤ ሽኮኮ ደግሞ ተሕዋሱን በሰውነቱ ይዞ ይኖራል። ከሽኮኮ ወደ ሰው የምታመጣው የአሸዋ ዝንብ የምትባል፣ ከወባ ትንኝ በጣም የምታንስ ነፍሳት ናት። ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነችና ስትበር ድምፅ ስለሌላት መምጣቷ አይታወቅም። የምትነክሰው ሲመሽና ሌሊት ነው። በድንጋይ ካብ ስንጥቅና በዋሻ ውስጥ ትውላለች።

ይህን የሚያውቁት የውጭ ሰዎች ብቻ አይደሉም። በእንዶድ ጥናታቸው ዓለም ያወቃቸው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በአገራችን ደጋ ስላለው ቁንጭር ያጠኑትን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1969 አሳትመዋል። የሽኮኮም ነገር በ1970ዎቹ መጀመሪያ በወጡ ጥናቶች ታውቋል። ከ50 ዓመት በላይ የታወቀ በሽታ ነው እንግዲህ። ሆኖም በአገራችን በየዓመቱ ከ20,000 እስከ 50,000 ሰው ይያዛል ተብሎ ተገምቷል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ሐኪም ሳያያቸው ይቀራሉ።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ልብ በሉልን። አንደኛ፣ ቁንጭር እርግማን አይደለም፤ በቤተሰብም አይወረስም። ሁለተኛ፣ ከሰው ወደ ሰው በመነካካት፣ አብሮ በመብላት ወይም አብሮ በመተኛት አይተላለፍም። ፊቷ ላይ ቁስል ያለባትን ልጅ ከማዕድ መለየት፣ በትምህርት ቤትም ለብቻዋ ማስቀመጥ ልጅቷን ይጎዳታል እንጂ ማንንም አይጠብቅም። ሦስተኛ፣ በመተማና በሁመራ ቆላ ያለው ካላዛር የዚህ ዘመድ ነው እንጂ ይኸው ራሱ አይደለም። ካላዛር ጣፊያንና ጉበትን ይዞ ይገድላል፤ የእኛው ቁንጭር ግን ቆዳን ነው የሚይዘው። «ካላዛር ያዛት» ተብላ የምትፈራ ሴት ካለች ይህን ንገሩላት።

ሦስት መልክ አለው

ቁንጭር አንድ መልክ ብቻ የለውም፤ ሕክምናውም እንደ መልኩ ይለያያል። አብዛኛው ሰው ላይ የሚወጣው በአንድ ቦታ የሚወሰነው ነው። በጉንጭ፣ በግንባር፣ በአፍንጫ ወይም በእጅ ላይ እንደ ብጉር ይጀምርና ቀስ እያለ ይሰፋል፤ ቅርፊት ይይዛል፤ ብዙም አያምም። ስለማያምም ነው የሚናቀው።

ሁለተኛው ወደ አፍንጫ ቀዳዳና ወደ ከንፈር የሚገባው ነው። ከንፈር ያብጣል፣ አፍንጫ ይደፈናል፣ ይደማል። ይህኛው በጊዜ ካልታከመ የአፍንጫን ቅርፅ ያበላሻል።

ሦስተኛው በሰውነት ላይ በብዙ ቦታ እንደ እባጭ የሚወጣው ነው። ብዙውን ጊዜ አይቆስልም፤ ሥጋ ደዌ ስለሚመስልም ያሳስታል። ጥቂት ሰው ላይ ብቻ ይታያል፤ ነገር ግን በራሱ አይድንም፣ ታክሞም ሊመለስ ስለሚችል ረጅም ክትትል ይፈልጋል።

ሐኪም ዘንድ ስንደርስ የሚደረገው ምርመራ አያስፈራም። ከቁስሉ ጠርዝ ላይ በምላጭ በጣም ጥቂት ተጭሮ፣ የወጣው ነገር በመስታወት ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የቆዳ ነቀርሳና ሥጋ ደዌም ሊመስሉት ስለሚችሉ ይህ ምርመራ አይታለፍም። የኤች አይ ቪ ምርመራም ሊጠየቅ ይችላል። ሰውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ቫይረሱ ካለ የመድኃኒቱ ምርጫና ክትትሉ ስለሚለወጥ ነው።

የሕክምናው ዓይነቶች

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄያችሁ እንምጣ። ባለሙያዎቹ ያስረዱንን በአራት ከፍለን እንናገር።

የመጀመሪያው መጠበቅ ነው። «ዝም ብንለው አይድንም ወይ?» ላላችሁት መልሱ፣ በአንድ ቦታ የተወሰነው ቁንጭር ከወራት እስከ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በራሱ ሊድን ይችላል ነው። ስለዚህ ቁስሉ ትንሽ ከሆነ፣ ፊት ላይ ካልሆነና መጠገግ ከጀመረ ሐኪሙ «እየመጣችሁ አሳዩኝ» ሊል ይችላል። ግን ይህን የሚወስነው ያየው ሐኪም እንጂ ቤት የተቀመጥነው እኛ አይደለንም። በራሱ ሲድን የሚተወው ጠባሳ ዕድሜ ልክ ይኖራል፤ የአሥር ዓመት ልጅ ፊት ላይ ሁለት ዓመት የሚቆይ ቁስል ደግሞ ከትምህርትም ከጓደኛም ያስቀራል።

ሁለተኛው ቁስሉ ላይ ብቻ የሚደረግ ሕክምና ነው። ለዚህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ ጥቂት፣ ስፋቱ ከ4 ሴንቲ ሜትር ያነሰ፣ ከንፈርና የአፍንጫ ቀዳዳ ያልነካ ቁስል ነው። አንዱ መንገድ በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ ነው። ፈሳሹ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ ቁስሉን ከነተሕዋሱ ያደርቀዋል። ሲነካ ያቃጥላል፤ ውኃ ሊቋጥር ይችላል፤ ቆዳው ለጊዜውም ለዘለቄታውም ሊነጣ ይችላል። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ እየተመላለሱ እስኪድን ይደረጋል። ፈሳሹ በቶሎ ስለሚተን በየቦታው አይገኝም፤ ከመሄድ በፊት መኖሩን ማስጠየቅ መንገድ ያድናል።

ሌላው መንገድ መድኃኒቱን በቁስሉ ጠርዝ ውስጥ በቀጭን መርፌ መውጋት ነው። ለጊዜው ያማል፤ ነገር ግን መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ልብና ጉበትን እንደ ትልቁ መርፌ አይፈታተንም። ማሽኑ ባለበት ደግሞ ቦታውን አደንዝዞ በ50 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ሴኮንድ ማሞቅም አለ። «ታዲያ እኛስ በጋለ ብረት የምንተኩሰው ምን ልዩነት አለው?» እንዳትሉን። ማሽኑ ሙቀቱን ለክቶ፣ ተሕዋሱን የሚገድለውን ያህል ብቻ ይሰጣል፤ የጋለ ብረት ግን ሥጋውን አቃጥሎ ከቁንጭሩ የባሰ ጠባሳ ይተዋል።

ሦስተኛው መላ ሰውነትን የሚያዳርስ መርፌ ነው። ቁስሉ ሲሰፋ፣ ሲበዛ፣ ወደ ከንፈርና አፍንጫ ሲገባ ወይም በሰውነት ላይ ሲበተን ወደዚህ ይኬዳል። መድኃኒቱ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ይባላል፤ አንቲሞኒ ከሚባል ማዕድን የሚሠራ ነው። ዛሬ የመጣ አይደለም፤ ከፈረንጆቹ 1940ዎቹ ጀምሮ ይሠራበታል። መጠኑ በክብደት ነው፦ ለአንድ ኪሎ 20 ሚሊ ግራም በቀን። 50 ኪሎ የምትመዝን ሴት በቀን 1,000 ሚሊ ግራም ትወስዳለች ማለት ነው፤ ይህም 10 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በጡንቻ ሲሰጥ ብዛት ስላለው በሁለት ቦታ ተከፍሎ ይወጋል። በአገራችን አብዛኛውን ጊዜ እስከ 28 ቀን በየቀኑ ይሰጣል። አንዳንዴም ፓሮሞማይሲን ከሚባል ሌላ መርፌ ጋር ይጣመራል።

ይህ መድኃኒት ብርቱ ነው። መገጣጠሚያና ጡንቻ ያሳምማል፤ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ጉበትን፣ ቆሽትንና የልብ ምትን ሊነካ ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊትና በመካከሉ ደም ይመረመራል፤ መሣሪያው ባለበትም የልብ ምት ይታያል። ደረቷ የመታባት፣ ልቧን የሚያጥላት፣ ሆዷን አጥብቆ የሚያማት ሴት «መርፌው ነው፣ ይለፈኝ» ብላ ዝም ማለት የለባትም፤ ለነርሷ ወዲያው ትንገራት። መርፌውን ከመንደር ገዝቶ በቤት መወጋትም ፈጽሞ የማይደረገው ለዚህ ነው።

አራተኛው የሚዋጥ መድኃኒት ነው፤ ሚልቴፎሲን ይባላል። 28 ቀን ይወሰዳል። መርፌ ስለሌለው ሁላችንም የምንወደው ይመስላል፤ ቢሆንም በየቦታው አይገኝም፣ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ ምግብ ተበልቶ ነው የሚወሰደው። ለእኛ ለሴቶች ደግሞ ትልቅ ማስጠንቀቂያ አለበት። በማሕፀን ያለን ሕፃን ሊጎዳ ስለሚችል እርጉዝ አትወስደውም፤ የምታጠባ እናትም አትወስደውም። ልትወልድ በምትችልበት ዕድሜ ያለች ሴት ከመጀመሯ በፊት የእርግዝና ምርመራ ታደርጋለች፤ መድኃኒቱን በምትወስድበት ጊዜና ከጨረሰችም በኋላ 5 ወር የእርግዝና መከላከያ ትጠቀማለች። ይህን ባልም ሊያውቀው ይገባል፤ የሚቻል ከሆነ ሁለቱም አብረው ሐኪሙ ይንገራቸው።

«እርጉዝ ብትሆንስ?» ላላችሁትም መልሱ ከዚሁ ይከተላል። ትልቁም መርፌ በእርግዝና ጊዜ የሚመከር አይደለም። የተወሰነ ቁስል ያለባት እርጉዝ በማቀዝቀዝ ወይም በማሞቅ ልትታከም ትችላለች፤ ወይም በሐኪም ክትትል እስክትወልድ ትጠብቃለች። እርጉዝ መሆኗን፣ ወይም ወሯ መቅረቱን፣ አስቀድማ መናገር አለባት።

ማንኛውንም ሕክምና የጨረሰ ሰው ቁስሉ በመጨረሻው ቀን ሙሉ በሙሉ ላይደርቅ ይችላል። ከ3 ወርና ከ6 ወር በኋላ ተመልሶ መታየት አለበት። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይድንም፤ ሁለተኛ ዙር የሚያስፈልገው አለ። «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ተስፋ ቆርጦ መቅረት ግን የመጀመሪያውንም ድካም ከንቱ ያደርጋል።

ስለ ጸበሉና ስለ ቅጠሉ

ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንሄደው ወደ ጸበል ወይም ወደ አዋቂ ነው። ጸበል መጠመቅ መርፌ ከመወጋት አይከለክልም፤ እምነታችንን ይዘን ሐኪም ዘንድ መሄድ እንችላለን። የምንለምናችሁ ቁስሉ ላይ የሚያቃጥል ቅጠልና የጋለ ብረት እንዳይደረግ፣ የጸበሉ ቀን እስኪያልቅም ሕክምናው እንዳይዘገይ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረታችን ያስተማረን በጊዜ መድረስን ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ቅጠሉ ራሱ ማቃጠያ የሆነበት ጊዜ አለ።

የ28 ቀን ወንፈል

እህቶቻችን፣ አሁን መድኃኒቱን ወደ ጎን እናድርገውና ቀኑን እንቁጠር። 28 ቀን አራት ሳምንት ነው። አራት የገበያ ቀን ነው። 28 ጊዜ ላም ማለብ፣ 28 ጊዜ ውኃ መቅዳት፣ ስንት ጊዜ እንጀራ መጋገር ነው? የቆዳ ሕክምና የሚሰጡት ሆስፒታሎች በየወረዳው የሉም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ፣ አዲስ አበባ ያለው አለርት በዚህ ሕክምና የሚታወቁ ናቸው፤ ለአብዛኛው ገጠር ግን ሩቅ ናቸው። መድኃኒቱ በነጻ በሚሰጥበት ቦታ እንኳ የመኪናው፣ የማደሪያው፣ የምግቡ፣ አብሮ የሚሄደው ሰው ወጪ አለ።

እናት ልጇ ቢታመም ምንም ሸጣ ትሄዳለች። ራሷ ስትታመም ግን «አዝመራው ይለፍ»፣ «ልጁ ፈተና ይጨርስ»፣ «ላሟ ትውለድ» እያለች ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ትቆያለች። በዚህ መካከል አንድ ሳንቲም ሜትር የነበረው ቁስል ከንፈር ላይ ይደርሳል። በሳምንት አንድ ቀን ተመላልሳ ልትጨርሰው ትችል የነበረው የአንድ ወር መርፌ ይሆናል። እንግዲህ የሚያዘገያት አለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ቤቷን የምትተውለት ሰው ማጣቷ ነው።

ይህ ደግሞ እኛ የምንችለው ነገር ነው። ለአጨዳና ለአረም ወንፈል እንወጣለን፤ ዛሬ ለአንቺ፣ ነገ ለእኔ እንላለን። ለሕክምናም ወንፈል እንውጣ። ኮሚቴያችን ለጉባኤው የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

አንደኛ፣ በየቡድናችን አንዲት አባል ትመረጥና አንድ ወር ያለፈው የማይድን ቁስል ያለበትን ልጅም ሆነ አዋቂ አይታ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትንገር። ፊት ላይ፣ በተለይም ከንፈርና አፍንጫ አጠገብ ከሆነ ወሩም እስኪሞላ አትጠብቅ።

ሁለተኛ፣ አንዲት አባል ለሕክምና ስትሄድ ቡድኗ ተራ ይግባ፤ አንዷ ከብቱን፣ አንዷ ውኃውን፣ አንዷ ልጆቹን ትያዝላት። የቁጠባ ክፍያዋም እስክትመለስ ቅጣት አይኑርበት።

ሦስተኛ፣ ከወር መዋጯችን ጥቂት ተነሥቶ ለመንገድና ለማደሪያ የሚሆን የሕክምና ሣጥን ይቋቋም። የወሰደች ድና ስትመለስ እንደ አቅሟ ትመልስ፤ ያልቻለች በጉልበቷ ተራ ትውጣ።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን። መድኃኒት ገዝታችሁ ስጡን አንልም፤ ይህ የጤና ተቋማት ሥራ ነው፤ በእኛ እጅም ሊቀመጥ አይገባውም። እኛ የምንጠይቃችሁ ሣጥኑን እንድታጠነክሩልን ነው። ለአንዲት እናትና ለአጃቢዋ የመኪናና የምግብ ወጪ ስትሸፍኑ የጎደለውን ትሞላላችሁ። የወጣው ገንዘብ ለማንና ለምን እንደወጣ በየሩብ ዓመቱ በዚሁ መጽሔታችን እናሳውቃለን፤ የታካሚዎቹን ስም ግን አናወጣም፤ ፊታቸውንም ፎቶ አናነሣም። በፊቷ ምክንያት የተሸማቀቀችን ሴት ለምስጋና ብለን እንደገና አናሸማቅቃትም።

እስከዚያው ሁላችንም ዛሬ ማታ ልንጀምረው የምንችለው አለ። ልጆች ሲመሽ ከገደሉና ከዋሻው አጠገብ አይጫወቱ። የቤታችንንና የበረታችንን የድንጋይ ስንጥቅ በጭቃ እንምረግ። ለወባ የተሰጠን መድኃኒት የተነከረ አጎበር ካለ ደጋ ነን ብለን ለጆንያ አናውለው፤ እንተኛበት። እነዚህ ነገሮች በሽታውን ፈጽመው ባያጠፉትም የአሸዋ ዝንቧን ንክሻ ይቀንሳሉ።

እናቶቻችን፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የ28 ቀኑም ነገር እንዲሁ ነው፤ ለአንዲት ሴት ተራራ ነው፣ ለቡድኗ ግን ሁለት ሁለት ቀን ነው። ሦስቱን ሐሳቦች ተወያዩባቸው፤ የሚጨመር ጨምሩ፣ የሚቀነስ ቀንሱ፤ ከዚያም እጃችሁን አውጡልን።